በሕግ አምላክ፣ ላይሰንሱን አንብቡ!

አራት ኪሎ ላይ ሌባ የማያሰኝ አንድ ሌብነት አለ። ሞባይል የመነተፈ ልጅ ድል ሐውልቱ ሥር ቢያዝ ሰፈሩ ተሰብስቦ ያሳየዋል፤ እዚያው አጠገብ በሩ ላይ «ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ ፎቶሾፕ፣ አውቶካድ ከነክራኩ እንጭናለን» ብሎ የለጠፈው ሰውዬ ግን «ኢንጂነር» እየተባለ ይከበራል። ሌባውን ያሰረው ፖሊስም ላፕቶፑን ፎርማት የሚያስደርገው እሱ ጋ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ስንቱ ነጋዴ ተበተነ፤ የሶፍትዌር ቁልፍ መስበሪያው ክራክ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ቴሌግራም ገባ። አሁን ኪራይም አይከፍል፣ ግብርም አይጠየቅ።

ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ድሃ አገር ነን፤ በዶላር የሚከፈል የሶፍትዌር ዋጋ ለአንድ ጀማሪ ዲዛይነር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌብነቱ ላይ የተደረበው ካባ ነው። የሳይንስ ፋኩልቲ አካባቢ ካሉት ቡና ቤቶች አንዱ ገብታችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ላፕቶፑ ጀርባ ላይ የነፃውን ሶፍትዌር፣ የሊነክስን ፔንግዊን የለጠፈ፣ ውስጡ ግን የተሰረቀ ዊንዶውስ የጫነ ወጣት፣ «አእምሯዊ ንብረት ፈረንጅ ድሃን የሚያስርበት ገመድ ነው፤ እኔ የኦፕን ሶርስ ሰው ነኝ» እያለ ይሰብካል። የከበቡት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «አንተ ልጅ፣ የምትምልበትን ላይሰንስ አንብበኸዋል?» የሚለው የለም።

ዱሮ አራዳ ላይ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ ሮጦ የሚያመልጠው እንኳ ይቆም ነበር ይባላል። እኔም ዛሬ ይህን ልጅ በሕግ አምላክ ብዬ አቁሜዋለሁ። ስማኝ። ያ ፔንግዊን በእግሩ የቆመው በቅጂ መብት ሕግ ላይ ነው። ሕጉን ከሥሩ ንቀለውና ነፃ ሶፍትዌር የምትለው ነገር ተራ ምኞት ሆኖ ይቀራል። ክራክህ ደግሞ የማይክሮሶፍት ጠላት መስሎሃል እንጂ ደመወዝ የማይጠይቅ ሻጩ ነው። በዚያ ክራክ የአሜሪካኑን ኩባንያ ግዛት አሰፋህለት፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ለግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር የሠሩትን አከሰርህ፣ ነፃውን ሶፍትዌር ደግሞ ደጅ አስቀረኸው።

ከሥሩ እንጀምር። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍና እንደ ዜማ የቅጂ መብት ያለው ሥራ ነው። መብቱ የሚወለደው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ማኅተም አይጠይቅም። እንግዲህ የኮድ ማከማቻው ጊትሃብ ላይ ያገኛችሁት፣ ምንም የፈቃድ ጽሑፍ ያልተያያዘበት ኮድ ሁሉ የታጠረ ነው። ተማሪው ግን ተቃራኒውን ነው የሚያምነው፤ ላይሰንስ ከሌለው የማንም ነው ይላል። የለም፣ ወንድሜ። ላይሰንስ ከሌለው የባለቤቱ ብቻ ነው። አዋጁ ለግል ጥቅም መገልበጥን ለመጽሐፍና ለመሰሉ ሲፈቅድ እንኳ ለኮምፒውተር ፕሮግራም በሩን አጥብቦታል፤ ቅጂውን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው ለአገልግሎትና ለመጠባበቂያ የሚሆን አንድ ግልባጭ ያስቀር እንጂ ለአጎቱ ልጅ በፍላሽ አያድልም።

ላይሰንስ ባለመብቱ ከመብቱ ላይ ቆርሶ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ማይክሮሶፍት ትንሽ ይቆርሳል፦ ጫን፣ ተጠቀም፣ ውስጡን አትንካ፣ ለሌላ አታሳልፍ። የነፃ ሶፍትዌር አቀንቃኙ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑን ፕሮጀክት ሲያውጅ፣ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የተባለውን ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ ሰፊውን ቆረሰ፦ ለፈለግኸው ዓላማ አስኪደው፣ ውስጡን ከፍተህ አጥናው፣ አባዝተህ ስጥ፣ ብትፈልግ አሻሽለህ ሽጠው። አንድ ግዴታ ብቻ አስከተለ፤ የምታሰራጨውን በዚሁ ፈቃድ፣ ከነምንጭ ኮዱ አሰራጭ። እናቶቻችን ይህን ሕግ ከጎረቤት በሚዋሱት እርሾ ያውቁታል። ከሰው ቤት እርሾ ወስዳ ሊጥ ያቦካች ሴት በማግስቱ ለመጣባት ጎረቤት «የለኝም» ብትል ሰፈሩ አያስቀምጣትም። እርሾውን የሚያስከብረው ይሉኝታ ነው፤ ጂፒኤልን የሚያስከብረው ግን የቅጂ መብት ነው። ስቶልማን «ሥራዬ የማንም ነው» ብሎ ጥሎት ቢሄድ ማንኛውም ኩባንያ አንሥቶ፣ ዘግቶ፣ መልሶ ይሸጥለት ነበር። እሱ መብቱን አልጣለም። አጥብቆ ያዘውና ለሌሎች ነፃነት ዘብ አቆመው። ሊኑስ ቶርቫልድስም እ.ኤ.አ. በ1991 የለቀቀውን ሊነክስ በማግስቱ ዓመት በጂፒኤል ሥር አስገባው፤ ዛሬ በየኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ የሚሄደው በዚያው በሊነክስ እምብርት (ከርነል) ነው።

ይህ የወረቀት ፍልስፍና ነው የምትሉ የአሻንጉሊት ባቡሩን ጉዳይ ስሙ። አንድ አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር የአሻንጉሊት ባቡር መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጽፎ በክፍት ፈቃድ ለቀቀ። ሌላው ነጋዴ የፕሮግራሙን ክፍል ወስዶ፣ የሠሪዎቹን ስም አስቀርቶ ከራሱ ምርት ጋር አዋሃደው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በጃኮብሰንና በካትዘር ክርክር ላይ የሰጠው ውሳኔ አጭር ትምህርት አለው፤ በነፃ የተለቀቀን ሥራ የፈቃድ ቅድመ ሁኔታ የጣሰ ሰው የቅጂ መብት በመጣስ ይጠየቃል። ሳንቲም አለመከፈሉ መብቱን አያሟሟውም።

ስቶልማን ራሱ ቅጂ መብትን፣ ፓተንትንና የንግድ ምልክትን አንድ ጆንያ ውስጥ መክተት ሰውን ያሳስታል ባይ ነው። በዚህ እስማማለሁ። የእኛ አገር ሕግም ለይቶ አስቀምጧቸዋል፤ የፓተንት አዋጁ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ፓተንት ከሚሰጣቸው ነገሮች አስወጥቶታል፣ የቅጂ መብት አዋጁ ደግሞ ተቀብሎታል። ስለዚህ «ፕሮግራሜን በኢትዮጵያ ፓተንት አስደረግሁ» እያለ ባለሀብት የሚያግባባ ወጣት ቢያጋጥማችሁ ቦርሳችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ደሜ የሚፈላው እዚህ ነው።

አዋጅ 410/1996 ጥበቃ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ አንብቡ። ለኢትዮጵያዊ ወይም መኖሪያው እዚህ ለሆነ ሠሪ፣ መጀመሪያ እዚህ ለታተመ፣ ወይም ውጭ ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህም ለታተመ ሥራ፣ እና ኢትዮጵያ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ለሚጠበቅ። አዋጁ ሲወጣ አገሪቱ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም፤ የዓለም ንግድ ድርጅትም አባል አልነበረችም። እንግዲህ ያኔ ዊንዶውስን የገለበጠ ሰው ቢያንስ በሕጉ ቀዳዳ መሹለክ ይችል ነበር። ፓወር ግዕዝን የገለበጠውስ? ቪዥዋል ግዕዝን የገለበጠውስ? አንዱን ኮንሰፕትስ ዳታ ሲስተምስ፣ ሌላውን ከስቶር ኮምፒዩቲንግ እዚሁ አዲስ አበባ የሠሯቸው የግዕዝ መጻፊያዎች ናቸው። ሕጉ ያለ ምንም ቀዳዳ ያቀፈው እነሱን ነበር። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ብሎ በ1996 የወጣው አዋጅ የዛተው በዋናነት ለእነሱ ሲባል ነበር። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። ዛቻውም መጣ፣ ማሻሻያውም መጣ፤ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እስከ ፒያሳ ባሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ግን ፓወር ግዕዝን ገዝቶ የጫነ አንድ ሰው ካለ ቀርቦ ደረሰኙን ያሳየኝና ቡና እጋብዘዋለሁ።

ፈረንጅን ዘረፍን ብለው የሚፎክሩ ሰዎች የዘረፉት የገዛ ወንድሞቻቸውን ነው። ማይክሮሶፍት ከአራት ኪሎ ሳንቲም ሳያገኝ ባለጸጋ ሆኖ ኖረ። የግዕዝ ሶፍትዌር ሠሪ ግን ሌላ ገበያ አልነበረውም። ለንደን ሄዶ አይሸጠው። ናይሮቢ ሄዶ አይሸጠው። ያለው ገበያ እኛ ነበርን።

ይህን ከዳር ሆኜ አልጽፍም። እኔም በጉልምስናዬ ለፋርማሲዎች የሚሆን የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ በአማርኛ የሚሠራ፣ የመድኃኒቱን ማብቂያ ቀን በእኛም በፈረንጁም አቆጣጠር የሚያሳይ። ጥቂት ቅጂ ሸጥሁ፤ ከዚያ ስልኩ መደወል አቆመ። ከጊዜ በኋላ ፍላሽ ልገዛ ወደ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው? ለቢዝነስ የሚሆን ሶፍትዌር አለን።»

«ለፋርማሲ የሚሆን ነገር ይኖራችኋል?»

«እንዴታ! በአማርኛ የሆነ አለልዎት። ሠሪው ቆልፎት ነበር፣ ፈትተነዋል። ፉል ቨርዥን ነው።»

«ሠሪውን ታውቀዋለህ?»

«ኧረ እሱ ድሮ ትቶታል፣ ጋሼ።»

እውነቱን ነው፤ ትቼዋለሁ። ፍላሹን ከፍዬ ወጣሁ።

አሁን ደግሞ የገበያውን ተንኮል ተመልከቱ። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ለተጠቃሚው የሚያስወጣው የማስጫኛውን ብቻ ነው። ሊነክስም የሚያስወጣው የማስጫኛውን ብቻ ነው። እንግዲህ ነፃው ሶፍትዌር በድሃ አገር የነበረው ትልቁ ጥቅም፣ ዋጋው፣ በአንድ ሌሊት ዜሮ ገባ። የኮምፒውተር ማሠልጠኛው በተሰረቀ ዊንዶውስ አሠለጠነ፤ ቀጣሪው «ኤክሴልና አክሰስ የሚችል» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ፤ ልጁም ሌላ ዓለም ያለ ሳይመስለው ተመረቀ። ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1976 ሶፍትዌሩን በሚገለብጡ አማተሮች ላይ የቁጣ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ነው። በ1998 ግን ቻይናን አንሥቶ ሲናገር ነገሩ ገብቶት ነበር፤ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ይስረቁ፣ ይለምዱታል፣ ገንዘቡን የምንሰበስብበትን መንገድ በኋላ እንፈልጋለን ማለቱ ነበር። ለምዳችኋል። ኩባንያው አንድ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በር ማንኳኳት ሲጀምር ሒሳቡን የሚከፍለው የእኔና የእናንተ ግብር ነው።

«ታዲያ የዝግ ሶፍትዌር ጠበቃ ነህ» የሚለኝ አይጠፋም። ረጋ በሉ፣ የእነሱም ሸክም አለ። ያ የፓወር ግዕዝ፣ የቪዥዋል ግዕዝ፣ የአጋፋሪ ዘመን ትዝ የሚለው ሰው ያውቃል። እያንዳንዱ ኩባንያ ለፊደሎቻችን የራሱን ቁጥር ሰጥቶ፣ የላቲኑ ፊደላት በሚቀመጡበት ስፍራ ላይ ጭኗቸው ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የጥያቄ ምልክትና የጭረት ክምር ነው። ከቢሮ ቢሮ ደብዳቤ ለመላላክ በፍሎፒው ላይ ቅርጸ ፊደሉንም አብሮ መላክ ግድ ነበር፤ እዚያው ላይ ደግሞ ሌላ ግልባጭ ተወለደ! ስንት መመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት ቃለ ጉባኤ በዚያ ዘመን ተጽፎ ዛሬ የሚከፍተው ጠፍቷል። ሥራቸውን ያከበርኩላቸው ኩባንያዎች ፊደሉን አጥረው ነበር። የራሳቸውን ፕሮግራም መዝጋት መብታቸው ነበር፤ የእኔን ጽሑፍ አብሮ መዝጋት ግን መብታቸው አልነበረም።

ከዚያ አጥር ያወጣን ለየፊደሉ አንድ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ነው። እንደ ፍሥሐ አጥላው፣ እንደ ዳንኤል ያዕቆብ፣ እንደ ዜሮክሱ ጆ ቤከር ያሉ ሰዎች የደከሙበት የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ በ345 ቁምፊዎች ገባ። ደረጃው የማንም ኩባንያ አይደለም፤ ማንም ይሠራበታል። ፓወር ግዕዝም ሠራበት፣ ማይክሮሶፍትም ሠራበት። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ባቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባል ቅርጸ ፊደል አመጣልን። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ግን የኒያላን አንዲት «ኸ» ማስተካከል ብትፈልጉ አትችሉም፤ ፈቃዱ አይሰጣችሁም። አቢሲኒካ የተባለውን ቅርጸ ፊደል ውሰዱ፤ የቋንቋ ድርጅቱ ኤስአይኤል በክፍት የቅርጸ ፊደል ፈቃድ ነው የለቀቀው። የጉግሉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም እንደዚያው። ፈቃዱ ብልህ ነው፦ ቀይሩት፣ መጽሐፍ አትሙበት፣ ከፕሮግራማችሁ ጋር አብራችሁ ሽጡት፤ ቅርጸ ፊደሉን ለብቻው ብቻ አትሽጡ፣ ከቀየራችሁት ደግሞ የተከለለውን ስሙን አትጠቀሙ። ሠሪው እዚህ ጋ ባለመብትነቱን ይዞ ነው የሚያዝዘው። በሌላ አነጋገር፣ አራት ኪሎ ያለ አንድ ልጅ አቢሲኒካን ወስዶ የራሱን ፊደል ቢያወጣ የሚጠየቀው አዲስ ስም እንዲያወጣለት፣ የቀደሙትን ስም እንዲጠብቅና በዚሁ ፈቃድ እንዲለቀው ብቻ ነው።

መጻፊያውም እንደዚሁ። ኪማን የሚባለው የቁልፍ ሰሌዳ ፕሮግራም ለዓመታት በገንዘብ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስአይኤል ገዛው፣ በ2017 ነፃ አደረገው፤ ምንጭ ኮዱ ዛሬ በኤምአይቲ ፈቃድ ተከፍቶ ተቀምጧል። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የአማርኛ ሰሌዳ እዚያ ውስጥ አለ። ማይክል ጋሰር የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት የሚፈታውን ሆርንሞርፎን በጂፒኤል ለቀቀው። ቋንቋችንን ኮምፒውተር ያስተማሩልን ሰዎች ኮዱን እነሆ ብለው ከፍተውታል፤ እኛ ደግሞ ክራክ ፍለጋ ቴሌግራም ላይ ነን።

በሌላው ጫፍ ፓተንት አለ። ዶክተር አበራ ሞላ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ግዕዝን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት የለፉ ሰው ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል አከታተብን የሚመለከት የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር 9,000,957 ተሰጣቸው። የአገሩ ሕግ የፈቀደላቸውን ነው ያደረጉት፤ ጥሌ ከሕጉ ጋር ነው። ቅጂ መብት የአንተን ኮድ አትገልብጥብኝ ይላል፤ እኔ ግን ተቀምጬ የራሴን ከባዶ ብጽፍ ማንም አይከለክለኝም። ፓተንት ዘዴውን ራሱን ይይዛል፤ ከባዶ ብጽፍም ያንኑ ዘዴ ከተጠቀምኩ እጠየቃለሁ። ፊደል ለመጻፍ ቁልፍ የሚጫንበት ቅደም ተከተል ለዓመታት የአንድ ሰው ይሁን የሚል ሕግ፣ ባለቤቱ ሐበሻም ይሁን ፈረንጅ፣ አልቀበልም። በ1987 ዓ.ም. የፓተንት አዋጁን ያረቀቁት የእኛ ሰዎች ፕሮግራምን ከፓተንት ማስወጣታቸው ከሠሩት ነገር ሁሉ ደግ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ የባዕድ ወግ ነው የሚሉኝ ደግሞ አሉ። እንጦጦ ወይም ሥላሴ ካቴድራል ውሰዷቸውና የብራና መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጠል አሳዩአቸው። ጸሐፊው ስሙን አስቀምጦ «ጸልዩልኝ» ይላል፤ ቀጥሎም መጽሐፉን የሰረቀ፣ ጽሑፉን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዝ ይላል። ገልብጦ መጻፍን ግን አያወግዝም። እንዴት ያውግዝ? እሱ ራሱ ገልብጦ ነው የጻፈው፤ መጻሕፍቱ ከእሳትና ከወረራ የተረፉት በግልባጭ ነው። ግልባጭ መጻፍ ጽድቅ ነበር፣ ስም መፋቅ ግዝት ነበር። የኤምአይቲና የቢኤስዲ ፈቃድ የሚሉት ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እንደፈለግህ አድርገው፣ የሠሪውን ስምና ይህችን የፈቃድ ጽሑፍ ግን አታጥፋ።

ያቺን አንዲት መስመር ነው እኛ የምናጠፋት። የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠራ ተማሪ ኮዱን ከጊትሃብ ያወርዳል፣ ከላይ ያለውን የቅጂ መብት መስመር ይሰርዛል፣ የአራት ጓደኞቹን ስም ይጽፍበታል፤ አማካሪው መምህርም ሳይከፍተው ይፈርማል። ያው ተማሪ ነገ ኩባንያ ያቋቁማል። የሆስፒታል ሥርዓት፣ የትምህርት ቤት ሥርዓት «በኢትዮጵያውያን ልጆች የተሠራ» ብሎ ሪባን ያስቆርጣል፤ ውስጡን የገለጠው ሰው የሌላ አገር ፕሮግራመሮች ስም የነበረበትን ባዶ ቦታ ያያል። የሚገርመው እኮ መሸጥ አልተከለከለም! «በዚህ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ይህን ጨመርን» ብሎ በኩራት መሸጥ ይቻል ነበር። የተጠየቀው አለመፋቅ ብቻ ነበር።

መንግሥትስ? ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ በቢኤስዲ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የቆመበት ሞሲፕ በባንጋሎር የተሠራ፣ በሞዚላ ፈቃድ የተለቀቀ ነው፤ ለሥራው ገንዘብ ከሰጡት አንዱ ደግሞ የጌትስ ፋውንዴሽን ነው። በ1976 አማተሮችን የተቆጣው ሰው ገንዘብ ዛሬ ክፍት ኮድ ይከፍታል፤ የአራት ኪሎው አብዮተኛ የዚያኑ ሰው ዊንዶውስ ይሰርቃል። ወይ ጉድ!

እነዚህ ሁለቱ የደግ ምሳሌ ናቸው። የቀረው ግን ያሳፍራል። አዋጅ 410/1996 አንድ ሰው ተቀጥሮ ወይም ታዝዞ የሠራው ሥራ፣ በውል ሌላ ካልተባለ በቀር፣ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው ይላል። አስተውሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ከፍሎ ያሠራው ሶፍትዌር በሕግ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ታዲያ የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት የደረሰኙን ራስጌ ለመቀየር ሲፈልግ ለምን ሠሪውን ኩባንያ ለመነ? ባለቤትነቱን ይዞ ምንጭ ኮዱን አልተረከበማ! ውሉን የፈረመው ኃላፊ የተረከበው ማስጀመሪያ አዶ ያለበት ኮምፒውተርና የሥልጠና ሰርተፊኬት ነው። ቤት አሠርቶ ካርታውን ያልተቀበለ ሰው እብድ ይባላል፤ ይህኛው ግን ዕድገት ያገኛል። ኩባንያው ሲዘጋ፣ ፕሮግራመሩ ካናዳ ሲገባ፣ መሥሪያ ቤቱ እንደገና ጨረታ ያወጣል፣ ሕዝብ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

አንድ ጉድ ልጨምር፣ የሕግ ሰዎች ቢያኮርፉኝም። አዋጁ የኢኮኖሚ መብት ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 1727 በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረም፣ በሁለት ምስክሮችም እንዲረጋገጥ ያዝዛል። ሊነክስን ልጭን ስል ሊኑስ ቶርቫልድስን ከነሁለት ምስክሮቹ ላቅርብ? «ላይሰንስ የአንድ ወገን ፈቃድ እንጂ ውል አይደለም» የሚሉ ይኖራሉ። ደግ፣ እኔም እንደዚያ ይሁን እላለሁ፤ ግን ሕጉ አፉን ሞልቶ ይበለው እንጂ አንድ ችሎት ላይ ዕድሌን አልሞክርም። ከላይ ያልኩት ቀዳዳም እንዳይረሳ። ዊንዶውስን ያለ ጥበቃ ያስቀረው የ1996ቱ ቀዳዳ ሊነክስንም ያለ ጥበቃ አስቀርቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ የጂፒኤል ኮድ ወስዶ፣ ዘግቶ፣ ለመንግሥት የሸጠ ነጋዴን ያ አዋጅ «ምንጭ ኮዱን አምጣ» ሊለው አይችልም ነበር። ፔንግዊን የለጠፍከው ልጅ፣ ገባህ? የረገምከው ሕግ ሲላላ መጀመሪያ የሚጋለጠው የአንተ ወገን ነው። ማይክሮሶፍት ጠበቃ አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ሰርቨሩን ከሩቅ ይዘጋብሃል። ነፃ ሶፍትዌር ያለው ሕጉ ብቻ ነው።

ፓርላማው ከዚህ በእግር ቅርብ ነው። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም ሠራተኛ አለው። የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ በአደባባይ የተለቀቀ የሶፍትዌር ፈቃድ ያለ ፊርማና ያለ ምስክር የጸና ነው የሚል አንድ አንቀጽ፣ እና ከሚቀጥለው በጀት ዓመት ጀምሮ በመንግሥት የሶፍትዌር ግዥ ሰነድ ሁሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «አሸናፊው ድርጅት ሙሉውን ምንጭ ኮድ፣ የተጠቀመባቸውን ክፍት ሶፍትዌሮች ዝርዝርና ፈቃዳቸውን አያይዞ እስኪያስረክብ ድረስ የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸምም።» ይህን ዓረፍተ ነገር የሚቃወም ኃላፊ ካለ ምክንያቱን በስሙ ይጻፍ፤ ከየትኛው ኩባንያ ጋር ቡና እንደሚጠጣ ያን ጊዜ እንጠይቀዋለን።